የእርግብ ዓይን ብርሃንን የሚመዝንበት መንገድ

ወንዱ እርግብ ሴቷን ሲከጅል አንገቱን ነፍቶ ዙሪያዋን ይሽከረከራል። በፀሐይ ላይ ያ አንገት አንዴ አረንጓዴ፣ አንዴ ወይን ጠጅ ይመስላል። በላባው ውስጥ ግን አረንጓዴም ሆነ ወይን ጠጅ ማቅለሚያ የለም። ያለው ኬራቲን ነው፤ ጥፍራችንም ከዚሁ ነገር የተሠራ ነው። እዚህ ላይ እጅግ ስስ ሆኖ ሜላኒን በሚባል ጥቁር ማቅለሚያ ላይ ተነጥፏል፤ ውፍረቱ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ እንኳ አይሞላም። ከዚህ ሽፋን ከላይኛውና ከታችኛው ገጽ የሚመለሱት የብርሃን ሞገዶች ሲገናኙ አንዳንዱ የሞገድ ርዝመት ይጎላል፣ ሌላው ይከስማል። የትኛው እንደሚጎላ የሚወስነው የሽፋኑ ውፍረትና የሚታይበት ማዕዘን ነው።

ከዚያ አንገት ከሚመለሰው ብርሃን ውስጥ የሰው ዓይን ጨርሶ የማይቀበለው ክፍልም አለ። ትርዒቱ ለእኛ ተብሎ አልተዘጋጀምና ይህ ሊያስከፋን አይገባም። ተመልካቿ እርግብ ናት፤ ዓይኗም ከእኛው በተለየ መንገድ የተሠራ ነው።

ስለዚህ ዓይን ሁለት ወሬዎች ይሰማሉ። አንደኛው «እንስሳት የሚያዩት ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው» ይላል፤ ይህ ለእርግብ ፈጽሞ ሐሰት ነው። ሁለተኛው በኢንተርኔት የሚዘዋወረው ነው፤ እርግብ ሰው በሕልሙ እንኳ የማያውቃቸውን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቀለማት እንደምታይ ይተርካል። ይኸኛው ከመጀመሪያው ይሻላል፣ ቢሆንም ዋናውን ነገር ይሸፍነዋል። ቁም ነገሩ የቀለማቱ ብዛት አይደለም፤ ዓይኗ ብርሃንን የምትለይበት ስልት ነው፤ ያ ስልት ደግሞ ከቁጥሩ ይበልጥ ያስደንቃል።

ብርሃን በራሱ ቀለም የለውም። ያለው የሞገድ ርዝመት ነው፤ የሚለካውም በናኖ ሜትር፣ ማለትም በሚሊ ሜትር ሚሊዮንኛ ነው። ሰው የሚያየው ከ400 እስከ 700 ናኖ ሜትር ገደማ ያለውን ሲሆን አጭሩ ጫፍ ወይን ጠጅ፣ ረጅሙ ጫፍ ቀይ ሆኖ ይታየዋል። በዓይናችን ጀርባ፣ ረቲና በሚባለው ስስ ሽፋን ላይ፣ ብርሃን የሚቀበሉ ሴሎች ተደርድረዋል። ሮድ የሚባሉት ለድንግዝግዝ ናቸው። ኮን የሚባሉት በቀን ብርሃን ይሠራሉ፤ የቀለም ጉዳይም የእነርሱ ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው ነገር እዚህ ላይ ነው፤ አንድ ኮን ብቻውን ቀለም አያውቅም። በውስጡ ያለው ብርሃን ያዥ ፕሮቲን ብርሃን ሲነካው ኮኑ ምልክት ይልካል። ምልክቱ ግን «ይህን ያህል ብርሃን ያዝኩ» ከማለት አያልፍም። የሚስማማው ሞገድ ደብዝዞ ቢመጣና የማይስማማው ሞገድ ደምቆ ቢመጣ መልሱ አንድ ዓይነት ይሆናል። አንድ ምስክር ብቻ የሰማ ዳኛ ምን ያህሉ የነገሩ እውነት፣ ምን ያህሉ የምስክሩ ጠባይ እንደሆነ መለየት ይቸግረዋል፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ምስክር ቀርበው ቃላቸው ጎን ለጎን ሲታይ ግን ነገሩ ይጠራል። ቀለም የምንለው በኮኖች ምስክርነት መካከል የሚደረገውን ይህንን ማመሳከር ነው።

ሰው ሦስት ዓይነት ኮን አለው። አንዱ በ420 ናኖ ሜትር አካባቢ፣ ሁለተኛው በ530፣ ሦስተኛው በ560 አካባቢ ላለው ብርሃን ከሁሉ ይበልጥ ይነቃሉ። ኋለኞቹ ሁለቱ ምን ያህል እንደተጠጋጉ ልብ ይሏል፤ የበሰለውን ቃሪያ ካልበሰለው የምንለየው በዚህች 30 ናኖ ሜትር ልዩነት ነው። እርግብ አራት ዓይነት ኮን አላት፤ በ400፣ በ450፣ በ505 እና በ565 ናኖ ሜትር አካባቢ። በየመካከላቸው ያለው ርቀት የተመጣጠነ ነው፤ የመጀመሪያው ደግሞ ወደ አልትራቫዮሌት፣ ማለትም ከወይን ጠጅ ወዲያ ወዳለው የማይታየን ብርሃን ይዘልቃል።

ይህ የአራት ኮን ዓይን የእርግብ የብቻዋ ፈጠራ አይደለም። የዓሣ፣ የእንሽላሊትና የአእዋፍ ጥንታዊ የጋራ ቅርስ ነው። ቅርሱን የጣልነው እኛ አጥቢዎች ነን። ዳይኖሰሮች በነበሩበት ዘመን የአጥቢዎች ቅድመ አያቶች በአብዛኛው የሌሊት ፍጥረታት እንደነበሩ ይታመናል፤ በጨለማ የቀለም ምስክር ማብዛት ጥቅም ስለሌለው ከአራቱ ሁለቱ ጠፉ። ላምና ውሻ ዛሬም በሁለት ኮን ነው የሚተዳደሩት። የሰው፣ የዝንጀሮና የጦጣ የዘር ሐረግ ብቻ ከቀሩት አንዱን ጂን አባዝቶ ሦስተኛ ኮን አገኘ፤ የእኛዎቹ ሁለት ኮኖች እንዲያ የተጠጋጉትም በዚህ ምክንያት ነው። ከእርግብ ዓይን አንጻር ሲታይ የእኛ ዓይን ተሰብሮ የተጠገነ ዕቃ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ወፍ እንዴት ይጠየቃል?

ይህን ሁሉ ከማመናችን በፊት እርግብ ምን እንደምታይ ማን ነገረን ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ዓይኗን ከፍቶ ሴሎቹን መቁጠር የሚናገረው ምን ማየት እንደምትችል እንጂ ምን እንደምታይ አይደለም። ለዚህ ወፏን ራሷን መጠየቅ ያስፈልጋል።

እርግብ ለዚህ ሥራ የተፈጠረች ትመስላለች። ትዕግሥቷ ብዙ ነው፤ ለጥቂት የእህል ፍሬ ስትል በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ምንቃሯን በአንድ ቁልፍ ላይ ታሳርፋለች። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ስኪነር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እርግቦችን አሠልጥኖ ቦምብ እንዲመሩ ለማድረግ የሞከረው ይህንን ጠባያቸውን ተማምኖ ነው፤ ፕሮጀክቱ ተሰርዞ ለውጊያ ሳይውል ቀረ እንጂ ወፎቹስ ሥራቸውን አውቀው ነበር። ለቀለም ጥያቄ የሚሠራበት መንገድም ከዚህ የተቀዳ ነው። በአንድ የሞገድ ርዝመት የበራ ቁልፍ ስትነካ እህል ታገኛለች፤ በሌላ የበራውን ብትነካ ምንም የለም። ሁለቱን ለይታ ከመረጠች ለዓይኗ ልዩ ናቸው ማለት ነው። ተመራማሪው መጠንቀቅ ያለበት አንድ ነገር አለ፤ ወፏ በቀለም ሳይሆን በድምቀት እየለየች እንዳታታልለው የሁለቱን መብራቶች ብርታት ያለ ሥርዓት ደጋግሞ መቀያየር አለበት። ሌላው መንገድ የልብ ምት ነው። መብራት በበራ ቁጥር ቀላል የኤሌክትሪክ ንዝረት የሚከተላት ወፍ መብራቱን ባየች ጊዜ ንዝረቱ ሳይመጣ የልቧ ምት ይፈጥናል፤ ካላየችው ምቱ አይለወጥም።

አልትራቫዮሌት ማየቷ የተረጋገጠው በእንዲህ ዓይነት ሙከራዎች ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ፣ መጀመሪያ በ1972፣ ከዚያም በመልእክተኛ እርግቦች ላይ በ1978 ታትመው ወጡ። በሰውና በእርግብ መካከል ያለው ልዩነት ከፊሉ የሚገኘው ረቲናው ላይ አይደለም፤ ከፊት ባለው ሌንስ ላይ ነው። የሰው ሌንስ ከ400 ናኖ ሜትር በታች ያለውን ብርሃን ውጦ ያስቀረዋል። የእርግብ ሌንስ ግን እስከ 320 አካባቢ ድረስ ያሳልፋል። በዓይን ሞራ ምክንያት ሌንሳቸው ወጥቶ አልትራቫዮሌትን የሚያግድ ምትክ ያልተደረገላቸው ሰዎች ከዚህ ብርሃን ጥቂቱን ነጣ ያለ ሰማያዊ መስሎ እንደሚያዩት ይናገራሉ። ማለትም በሩ ቢከፈት እኛም ትንሽ እናይ ነበር፤ ልዩነቱ እርግብ ለዚህ ብርሃን ራሱን የቻለ ኮን ያላት መሆኗ ነው።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስገርመኝ ግን እ.ኤ.አ. በ1971 የታተመ ሌላ ሙከራ ነው። እርግቦቹ የተጠየቁት ሁለት ቀለም መለየት ይችሉ እንደሆነ ሳይሆን አንዱን ቀለም ከየትኛው ወገን እንደሚደምሩት ነበር። መሐል ላይ አንድ ቀለም ይበራል፤ ግራና ቀኝ ሌሎች ሁለት ይበራሉ፤ ወፏ ከመሐለኛው ጋር አንድ ነው የምትለውን ትነካለች። ውጤቱ እርግቦች የቀስተ ደመናን ቀለማት በወገን በወገን እንደሚከፍሉ አሳየ፤ ድንበሮቻቸው ግን በ540 እና በ595 ናኖ ሜትር አካባቢ ናቸው። 540 ለእኛ የአረንጓዴ እምብርት ነው፤ ማንም ሰው እዚያ ላይ ድንበር አያሰምርም። እርግብ ግን እኛ አንድ አረንጓዴ የምንለውን ሜዳ መሐል ለመሐል ትከፍለዋለች። ስለዚህ እርግብ የእኛን ቀስተ ደመና አይታ አንድ ቀለም ጫፉ ላይ ትጨምራለች ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። የቀስተ ደመናው ክፍፍል ራሱ ሌላ ነው።

አራተኛ ኮን መጨመር የሚያመጣው ነገርም ከዚህ ይሰፋል። ቀይና ሰማያዊ ብርሃን አብረው ወደ ዓይናችን ሲገቡ ሐምራዊ እናያለን፤ በቀስተ ደመና ውስጥ ግን ሐምራዊ የሚባል ነጠላ ሞገድ የለም። የተራራቁ ኮኖች በአንድ ጊዜ ሲነቁ መካከለኛው ዝም በማለቱ የሚፈጠር ቀለም ነው። ሦስት ኮን ላለው እንዲህ ያለ ቅይጥ አንድ ብቻ ነው። አራት ላለው ይበዛል፤ አልትራቫዮሌት ከቀይ ጋር፣ አልትራቫዮሌት ከአረንጓዴ ጋር እያለ ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ በዱር ያሉ ሀሚንግበርድ የሚባሉ ጥቃቅን ወፎች ላይ የተደረገ ሙከራ ወፎቹ አልትራቫዮሌት የተቀላቀለበትን አረንጓዴ ከንጹሑ አረንጓዴ ለይተው ወደ ስኳር ውኃው እንደሚሄዱ አሳይቷል። ለተመራማሪዎቹ ሁለቱ መብራቶች አንድ ነበሩ። ያ የእርግብ ሙከራ ባይሆንም የአራት ኮን ዓይን ምን እንደሚሠራ ጥሩ አድርጎ ያሳያል።

የዘይት ጠብታዎቹ

የእርግብን ረቲና በማጉያ መነጽር ያየ ሰው በሺህ የሚቆጠሩ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫና ጥርት ያሉ ነጥቦች ያያል። እነዚህ የዘይት ጠብታዎች ናቸው። እያንዳንዱ ኮን አንድ ጠብታ አለው፤ ጠብታውም የተቀመጠው ብርሃን ወደ ፕሮቲኑ ከመድረሱ በፊት በሚያልፍበት በር ላይ ነው። ስለዚህ ወደ ኮኑ የሚገባ ብርሃን ሁሉ አስቀድሞ በጠብታው ይጣራል።

ማጣሪያው የሚሠራው ካሮቲኖይድ ከሚባሉ ቀለማት ነው፤ ካሮትን ብርቱካናማ፣ በቆሎን ቢጫ የሚያደርጉት የእነዚሁ ወገኖች ናቸው። በ1967 እ.ኤ.አ. ስለ እይታ ባደረገው ምርምር የኖቤል ሽልማት የተካፈለው ጆርጅ ዋልድ ገና ወጣት ሳለ ጀምሮ እነዚህን ቀለማት ከዶሮ ረቲና እያወጣ ይመረምር ነበር። ቀዩ አስታዛንቲን፣ ቢጫው ዚያዛንቲን ነው። ሦስተኛው፣ ጋሎዛንቲን የተባለው፣ ለእኛ ቀለም የለሽ ይመስላል፤ የሚያግደው ለእኛ የማይታየውን ወይም እምብዛም የማይታየውን አጭር ሞገድ ስለሆነ ነው። ወፎች ካሮቲኖይድ ከምንም ተነሥተው መሥራት አይችሉም። ከሚለቅሙት ያገኙታል፤ ቀዩን ግን በምግብ ካገኙት ቢጫ ለውጠው በራሳቸው አካል ያዘጋጁታል። ካሮቲኖይድ በሌለበት መኖ ያደጉ ድርጭቶች የዓይናቸው ጠብታ ነጥቶ ተገኝቷል። የወፍ የቀለም እይታ ከመኖዋ ጋር እንዲህ በቀጥታ የተያያዘ መሆኑን እርግብ አርቢ ቢያውቀው አይጎዳም።

የጠብታው ጥቅም ምስክሮቹን ማራራቅ ነው። የኮኖች ችግር የሚቀበሉት ብርሃን እርስ በርሱ መደራረቡ ነው፤ አንዱ የያዘውን ጎረቤቱም በከፊል ይይዘዋል። የእርግብ አራተኛ ኮን ፕሮቲን በ565 አካባቢ ይነቃል ብለናል፤ ቀይ ጠብታ በሩ ላይ ስለቆመ ግን አጭሩ ሞገድ ሁሉ ይቀራል፤ ኮኑም በተግባር ከ600 ናኖ ሜትር ወዲያ ላለው ብርሃን የተለየ ምስክር ይሆናል። ሦስተኛው ኮን ቢጫ ጠብታ አለው፤ ሁለተኛው ጋሎዛንቲን ያለበትን። የመጀመሪያው፣ የአልትራቫዮሌትና የወይን ጠጁ፣ ምንም የማያግድ ጥርት ያለ ጠብታ ይዟል፤ ማጣሪያ ቢደረግበት የሚያየው ባልቀረለትም። ቃላቸው እንዳይደራረብ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ድንበር ተሰጥቷቸዋል። ቀለምን ከቀለም ጠርቶ ለመለየት ከዚህ የተሻለ ዘዴ አይገኝም፤ በተለይ የመብራቱ ጠባይ ሲለዋወጥ፣ ከጠዋት ወደ ቀትር ወይም ከጥላ ወደ ፀሐይ ሲኬድ፣ ይጠቅማል።

ዋጋ ግን አለው። ማጣሪያ ብርሃን ይበላል። በቀትር ብርሃን የተትረፈረፈ ስለሆነ አይታወቅም፤ ሲመሽ ግን በቀይ ጠብታ ጀርባ የተቀመጠ ኮን በጣም ቶሎ ይጨልምበታል። እርግብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ማደሪያዋ የምትቸኩልበት አንዱ ምክንያት ይህ ቢሆን የሚያስገርም አይደለም።

አንድ ዓይን፣ ሁለት ሜዳ

ጠብታዎቹ በረቲናው ላይ በእኩል አልተበተኑም። በላይኛው የኋላ ሩብ ላይ ቀይና ብርቱካናማ ጠብታዎች ተጠቅጥቀው ስለሚገኙ ያ ክፍል ለዓይን እንኳ ቀላ ብሎ ይታያል፤ ተመራማሪዎች ቀይ ሜዳ ይሉታል። የቀረው ቢጫ ሜዳ ነው። ሌንስ ምስልን ገልብጦ ስለሚጥል የረቲናው የላይኛው የኋላ ክፍል የሚያየው ከፊትና ወደ ታች ያለውን፣ ማለትም ምንቃሯ የሚደርስበትን መሬት ነው። ቢጫው ሜዳ ጎኑንና ሰማዩን ይጠብቃል።

የሥራ ክፍፍሉ ግልጽ ነው። እህል በሣርና በአፈር መካከል ለሚፈልግ ዓይን ረጃጅሙን ሞገድ አጥርቶ መለየት ይጠቅመዋል። ጭልፊት የሚመጣበትን ሰማይ ለሚጠብቅ ዓይን ደግሞ አጭሩ ሞገድ ያስፈልገዋል፤ ሰማይ በአልትራቫዮሌትና በሰማያዊ ብርሃን የተሞላ ስለሆነ ጥቁር ነጥብ በዚያ ላይ ጎልቶ ይታያል። በእርግጥም ቢጫው ሜዳ ከቀዩ ይልቅ ለአልትራቫዮሌት የነቃ መሆኑ ተለክቷል። ትኩረቱም ይለያል፤ የታችኛው እይታ ለቅርብ፣ የጎኑና የላይኛው ለሩቅ የተስተካከለ ስለሆነ እርግብ እግሯ ሥር ያለችውን ፍሬና ከሩቅ ያለውን ዛፍ በአንድ ጊዜ አጥርታ ታያለች። እኛ እንዲህ ለማየት ባለ ሁለት ክፍል መነጽር ያስፈልገን ነበር።

ይበልጥ የሚገርመው ሁለቱ ሜዳዎች ብዙ የማይነጋገሩ መሆናቸው ነው። በጎኗ አይታ የተማረችውን ምልክት ከፊቷ ሲያቀርቡላት እንደ አዲስ የምትቆጥርባቸው ሙከራዎች አሉ። እርግብ እህል ከማንሣቷ በፊት ራሷን አዘንብላ አንዴ በአንዱ ዓይኗ፣ አንዴ ፊት ለፊት የምታየው ምናልባት ሁለቱን ምስክርነት ለማስታረቅ ይሆናል፤ ይህ ግን የእኔ ግምት ነው።

የዓይኖቿ አቀማመጥ በጎንና በጎን በመሆኑ ጠቅላላ የምታየው አድማስ 340 ዲግሪ ገደማ ይሆናል፤ ከጭንቅላቷ ጀርባ ካለች ቀጭን ክፍል በቀር ሁሉ ይታያታል። ከእያንዳንዱ ዓይን ወደ አንጎል የሚሄደው ነርቭ 2.4 ሚሊዮን ያህል ክር አለው፤ የሰው አንድ ሚሊዮን ቢበዛ ጥቂት ከፍ ያለ ነው። ይህችን ጭንቅላት ለሚንቅ ሰው ቁጥሩ ጥሩ መልስ ነው።

የአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ጠባቂዎች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ይህንን ችሎታ ሥራ ላይ ሊያውሉት ሞክረው ነበር። በሄሊኮፕተር ሆድ ሥር በተገጠመ ግልጽ ሳጥን ውስጥ ሦስት እርግቦች ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዷ የአድማሱን ሲሶ ትመለከታለች። በባሕር ላይ ቀይ፣ ብርቱካናማ ወይም ቢጫ ነገር፣ ማለትም የነፍስ አድን ጃኬት ቀለም፣ ስታይ ቁልፍ ትነካለች። በሙከራው እርግቦቹ በመጀመሪያው ዙር በረራ ዒላማውን 90 በመቶ ጊዜ ሲያገኙ የሄሊኮፕተሩ ሠራተኞች ያገኙት 38 በመቶውን ብቻ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በገንዘብ ምክንያት ተዘጋ። ሰውየው በባሕሩ ብልጭታ ዓይኑ ደክሞ ሐሳቡ ሲባዝን ወፏ እህሏን እያሰበች ትመለከት ነበር፤ ብልጫው ከዓይን ብቻ ሳይሆን ከትጋትም የመጣ ይመስለኛል።

ጥራት፣ ፍጥነትና ፀሐይ

ሁሉም ነገር ለእርግብ አላደላም። ረቂቅ ነገርን በመለየት የሰውን ግማሽ እንኳ አትደርስም፤ ይህንን ጽሑፍ በእኛ ርቀት ሆና ብታየው ፊደሎቹ ይደባለቁባታል። በጊዜ ረገድ ግን ትበልጠናለች። ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ፍጥነቱ ሲጨምር በአንድ ወሰን ላይ ለዓይናችን የማያቋርጥ ብርሃን ይሆናል። ለእርግብ ያ ወሰን ከፍ ያለ ነው፤ ረቲናዋ በሰከንድ ከ100 በላይ ብልጭታ ተከትሎ ምልክት መስጠት እንደሚችል በኤሌክትሪክ ልኬት ታይቷል። የአገራችን ኃይል በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ የድሮው ዓይነት ፍሎረሰንት መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ይብለጨለጫል። እኛ ጸጥ ያለ ብርሃን በምንለው ክፍል ውስጥ ወፎች መረበሽ ቢያሳዩ መብራቱን መጠርጠር ያስኬዳል።

ስትራመድ ራሷን ወደፊት እያወዛወዘች የምትሄደውም ለዓይኗ ስትል ነው። በዝግታ የተቀረጸ ፊልም ቢታይ ወፏ ራሷን አታወዛውዝም፤ ራሷን በቦታው አቁማ ሰውነቷ ሲደርስባት በፍጥነት ወደፊት ትወረውራታለች። ራሷ በቆመችበት ቅጽበት ዓለም አይንቀሳቀስባትም፣ ምስሉም አይደበዝዝም። ባሪ ፍሮስት የተባለ ካናዳዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው ሙከራ እርግቦችን በትሬድሚል ላይ አራመደ። እግራቸው ይሄዳል፣ ዙሪያቸው ግን ባለበት ይቆማል። ራሳቸውን ማወዛወዝ አቆሙ።

በፀሐይ አቅጣጫ መጠቆማቸውም ከዚሁ ከብርሃን ጉዳይ ነው። እርግብ የፀሐይን ቦታ ከውስጥ ሰዓቷ ጋር አስተያይታ ሰሜኑን ከደቡቡ ትለያለች። ሰዓቷን ማሳት ይቻላል፤ ለጥቂት ቀናት በሰው ሠራሽ መብራት ቀኑ በ6 ሰዓት ቀድሞ ወይም ዘግይቶ እንዲነጋላት ከተደረገ በኋላ በጠራ ሰማይ ስትለቀቅ ወደ 90 ዲግሪ ገደማ ስታ ትበራለች። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ዊልያም ኪተን ደግሞ በ1970ዎቹ መባቻ በወፎቹ ጀርባ ላይ ማግኔት አጣብቆ ለቀቃቸው። ፀሐይ ባለችበት ቀን ማግኔቱ አላሳታቸውም፤ በደመናማ ቀን ግን ልምድ ያላቸው ወፎች እንኳ አቅጣጫቸው ጠፋቸው። ፀሐይ እስካለች ድረስ በዓይናቸው ይመካሉ ማለት ነው።

እርግብ ፖላራይዝድ ብርሃን፣ ማለትም ሞገዱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚርገበገብ ብርሃን፣ ታያለች የሚለውን ብዙ ጽሑፍ እንደ ተዘጋ ጉዳይ ያወራዋል። እ.ኤ.አ. በ1974 የታተመ ሙከራ ታያለች ብሏል። በ1990ዎቹ ይበልጥ ጥንቃቄ አድርገው የደገሙት ተመራማሪዎች ግን ችሎታውን አላገኙትም፤ ወፎቹ ከግድግዳና ከመሣሪያው የሚመለሰውን የድምቀት ልዩነት አይተው ሊሆን ይችላል የሚል ጥርጣሬም ተነሣ። ስለዚህ ታያለች ብሎ በእርግጠኝነት መጻፍ አይገባም።

«ዓለም በእርግብ ዓይን» እየተባሉ የሚሰራጩት ሮዝና ወይን ጠጅ ፎቶግራፎችም ከዚህ አይሻሉም። የማይታየውን ብርሃን በሚታይ ቀለም ተክቶ መሳል ለካርታ ያህል ይጠቅማል፤ የወፏን እይታ ግን አያሳይም። ስልካችንና ቴሌቪዥናችን የተሠሩት ለሰው ሦስት ኮኖች ተለክተው በሦስት ቀለም ነው። ለእርግብ የተቀረጸው ማንጎና እውነተኛው ማንጎ በቀለም አይገናኙም፤ አልትራቫዮሌቱ የለም፣ የቀሩትም መጠናቸው የተዛባ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ታዋቂ ጥናት፣ እርግቦች የጡት ካንሰር ናሙናዎችን በማጉያ መነጽር ከተነሣ ምስል ለይተው በሁለት ሳምንት ሥልጠና ከግማሽ ወደ 85 በመቶ ትክክለኛነት የደረሱበት፣ የተሠራው በዚሁ ለሰው በተሠራ ስክሪን ነው። ቀለሙ ለእነርሱ ምን መስሎ እንደታያቸው ሳይታወቅ ቅርጹንና ጥለቱን ይዘው ተሳካላቸው።

የእኛው ደጋ ነጭ አንገት እርግብ፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጪ የማትገኘው፣ የምትኖረው አልትራቫዮሌት በበረታበት አገር ነው፤ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ይህ ብርሃን 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። የአእዋፍ ኮንና ጠብታ መሠረታዊ አሠራር ከዝርያ ዝርያ ብዙ ስለማይለያይ ከላይ የተነገረው አብዛኛው፣ ምንም እንኳ የተጠናው በከተማ እርግብ ዘመዶች ላይ ቢሆንም፣ ለእርሷም ይሠራል።

የቀረው ያለ ዓይን የሚታየው ብርሃን ነው። ፈረንሳዊው ዣክ ቤንዋ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ዓይናቸው የማያይ ዳክዬዎች እንኳ የቀኑ ርዝመት ሲጨምር ለመራባት እንደሚዘጋጁ አሳየ። ብርሃኑ የራስ ቅላቸውን አልፎ አንጎላቸው ውስጥ ይደርስ ነበር። በ1998 በእርግብ አንጎል ጥልቅ ክፍል ውስጥ ሮዶፕሲን የተባለው፣ በዓይን ሮድ ውስጥ የሚገኘው ብርሃን ያዥ ፕሮቲን ተገኘ። ይህ ክፍል ምስል አይሠራም፤ ቀኑ ረዘመ ወይስ አጠረ የሚለውን ብቻ ይመዘግባል። ቀይ ብርሃን ከሰማያዊው ይልቅ ቆዳና አጥንት አልፎ ወደ ውስጥ ስለሚዘልቅ ለዚህ ቆጠራ ይበልጥ ይጠቅማል። በእርግብ ቤት ሌሊቱን መብራት የሚያበራ አርቢ ወፎቹ ዓይናቸውን ጨፍነው መተኛታቸውን አይቶ ቀናቸው አልተለወጠም ብሎ ማሰብ የለበትም።